ከድምፅ በብዙ እጥፍ ለሚፈጥኑ አውሮፕላኖችና መንኮራኩሮች የሚሠሩ ሙቀት ቻይ ኮምፖዚቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። "ዲግሪ" ሲባልም፣ ሌላ ካልተገለጸ፣ ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው።

ይህ ቁስ ስንት ዲግሪ ይችላል?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ብቻውን ግን መልስ የለውም። ኮምፖዚት ማለት ክርንና ክሩን የሚያያይዝ ቁስን (ማትሪክስን) አጣምሮ የተሠራ ቁስ ነው። ካርቦን-ካርቦን የሚባለው፣ ክሩም ማትሪክሱም ካርቦን የሆነው ኮምፖዚት፣ አየር በሌለበት እቶን ውስጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ያው ቁስ ሽፋን ሳይኖረው አየር ባለበት 600 ዲግሪ ላይ ቢውል ግን እየነደደ ያልቃል። ስለዚህ "እስከ 1,650 ዲግሪ" የሚል መግለጫ ሲያዩ ተከታዮቹን ይጠይቁ፦ ለስንት ደቂቃ? በምን ያህል የኦክስጅን ግፊት? ስንት ጊዜ እየሞቀና እየቀዘቀዘ? ምን ያህል ጭነት ተሸክሞ? የእነዚህ መልስ ከሌለ ቁጥሩ ማስታወቂያ ነው።

ሌላም አለ። ጉዳቱ ከቁሱ መሀል የሚጀምረው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሽፋኑ ስንጥቅ፣ ክሩ ከማያያዣው ጋር ከሚገናኝበት ስስ ንብርብር ወይም አንዱ አካል ከሌላው ከሚጋጠምበት ክፍተት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው ወደ እነዚህ ሦስት ቦታዎች የሚመለሱት ለዚህ ነው።

ሙቀቱ የሚመጣው ከአየር ጋር በመፋተግ አይደለም?

በከፊል ብቻ። በአፍንጫውና በክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ላይ ዋናው ምክንያት አየሩ በድንገት መታመቁ ነው። ፈቀቅ ለማለት ጊዜ ያጣው አየር ፍጥነቱን ሲያጣ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ግምቱን ለማግኘት የማክ ቁጥሩን (ፍጥነቱ የድምፅ ፍጥነት ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚገልጸውን) በራሱ ያባዙ፣ በ0.2 ያባዙ፣ 1 ይደምሩ፣ ከዚያ የአካባቢውን አየር ሙቀት በኬልቪን ያባዙበት። ከ11 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ሙቀት በመደበኛው ሠንጠረዥ 216.65 ኬልቪን ነው። በማክ 2 ውጤቱ 117 ዲግሪ፣ በማክ 3 ወደ 333 ዲግሪ፣ በማክ 5 ደግሞ ወደ 1,027 ዲግሪ ይሆናል።

ከዚያ በላይ ስሌቱ የአየሩን ሙቀት አጋንኖ ያሳያል፤ ምክንያቱም የኦክስጅን ከዚያም የናይትሮጅን ሞለኪውሎች መሰባበር ይጀምሩና ጉልበቱን ይወስዳሉ። ይህ ግን ነጻ ስጦታ አይደለም። የተሰባበሩት አቶሞች ገጹ ላይ እንደገና ሲጣመሩ የወሰዱትን ሙቀት እዚያው ያራግፉታል። ጥምረቱን የሚያፋጥን ገጽ፣ ለምሳሌ ብዙ ብረቶች፣ የበለጠ ይሞቃል፤ ሲሊካ (የሲሊከን ኦክሳይድ) መሰል ብርጭቆ ገጽ ደግሞ ጥምረቱን ስለማያበረታታ ቀዝቀዝ ይላል። ሁለት ናሙናዎች በአንድ የፕላዝማ (እጅግ የጋለና የተሰባበረ ጋዝ) ፍሰት ውስጥ ሆነው በመቶዎች ዲግሪ ሊለያዩ የሚችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ብረት ለምን አይበቃም?

እስከተወሰነ ፍጥነት ይበቃል። አሉሚኒየም ከ130 ዲግሪ ገደማ በላይ ለረጅም ጊዜ አይታመንም፤ የመንገደኞች አውሮፕላኑ ኮንኮርድ በማክ 2 አካባቢ የተገታው በዚሁ ነው። ከማክ 3 በላይ የበረረው የስለላ አውሮፕላን ኤስአር-71 በአብዛኛው ከቲታኒየም ተሠራ። ቲታኒየም ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ድረስ ያገለግላል። በሮኬት የሚበረው የሙከራ አውሮፕላን ኤክስ-15 ኢንኮኔል ኤክስ የተባለውን የኒኬል ቅይጥ ለብሶ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1967 ማክ 6.7 ደረሰ፤ ይህም ተጨማሪ የሚነድ መከላከያ ተቀብቶ ነው። የኒኬል ቅይጦች እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8 ግራም ገደማ ሲሆን ካርቦን-ካርቦን ከ1.6 እስከ 2፣ በካርቦን ክር የተጠናከረ ሲሊከን ካርባይድ (የሲሊከንና የካርቦን ሴራሚክ) ደግሞ ከ2 እስከ 2.4 ግራም ነው። ከ1,000 ዲግሪ በላይ ብረቱ ሲለሰልስ እነዚህ ጥንካሬያቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ካርቦን እንዲያውም ሲሞቅ በጥቂቱ ይጠነክራል።

በካርቦን ክርና በኤፖክሲ የተሠራ ተራ ኮምፖዚትስ?

ኤፖክሲ ከ120 እስከ 180 ዲግሪ፣ ቢስማሌይሚድ እስከ 230 ገደማ፣ ፒኤምአር-15 የተባለው ፖሊኢሚድ ደግሞ እስከ 290 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ከጋለው ገጽ ጀርባ ላለው አካል ይሆናሉ፤ ለገጹ ራሱ አይሆኑም። ፒኤምአር-15 በሚዘጋጅበት ጊዜ ሜቲሊንዲያኒሊን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር እንዳለበት አይዘንጉ።

ካርቦን-ካርቦን እንዴት ይሠራል?

በአጭሩ፣ በሙጫ የተነከረ ጨርቅን ማክሰል ነው። ለአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር (ስፔስ ሻትል) አፍንጫና የክንፍ ጠርዞች የተሠራበት መንገድ በደንብ የታወቀ ስለሆነ እሱን እንውሰድ።

ከሬዮን የተሠራ የካርቦን ጨርቅ በፌኖሊክ ሙጫ ይነከራል፤ በቅርጽ ማውጫ ላይ ይነባበራል፤ በግፊትና በሙቀት ይጠነክራል። ከዚያ አየር በሌለበት ይከስላል። በዚህ ደረጃ ሙጫው ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን በጋዝ መልክ ያጣና ቀዳዳ የበዛበት ደካማ አካል ይቀራል። ቀዳዳዎቹን ለመሙላት በቫክዩም ውስጥ ፉርፉሪል አልኮል ይጠጣና እንደገና ይከስላል፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ቀጥሎ አካሉ በአሉሚና፣ በሲሊከንና በሲሊከን ካርባይድ ዱቄት ውስጥ ተቀብሮ በአርገን ሥር እስከ 1,760 ዲግሪ ይሞቃል። የውጪው ካርቦን ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ወደ ሲሊከን ካርባይድ ይለወጣል። ይህ ከላይ የተቀባ ቀለም ሳይሆን የራሱ ገጽ ተለውጦ የተገኘ ሽፋን ነው። በመጨረሻም ቴትራኤቲል ኦርቶሲሊኬት ደጋግሞ እንዲጠጣ ተደርጎ በስንጥቆቹ ውስጥ ሲሊካ ያስቀራል፤ በላዩ ላይ ሶዲየም ሲሊኬት ይቀባል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ በመጀመሪያው ማክሰል ጊዜ። ጋዙ በብዛት የሚወጣው ከ300 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ክልል ነው። እዚያ ላይ ሙቀቱ ቶሎ ከጨመረ ጋዙ መውጫ ያጣና ንብርብሮቹን ያላቅቃል። ወፍራም አካል በዚህ ክልል ውስጥ በሰዓት በጥቂት አሥር ዲግሪዎች ብቻ እንዲጨምር የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ቀናት ይፈጃል፣ ሊያሳጥሩት የሚሞክሩም በአብዛኛው ይጸጸታሉ። ሁለተኛ፣ ሙጫ በሚጠጣበት ጊዜ። የገጹ ቀዳዳዎች ቀድመው ከተደፈኑ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ክብደቱ ከዙር ወደ ዙር መጨመሩን ካቆመ ገጹን በስሱ ማንሳት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ በአልማዝ መሣሪያ በውሃ እየቀዘቀዘ የተቆረጠ አካል በደንብ ሳይደርቅ ወደ እቶን ከገባ ቀዳዳው ውስጥ የቀረው ውሃ ሽፋኑን ያበላሻል።

ካርቦን እስከ 3,600 ዲግሪ አካባቢ ሳይተን ይቆያል ከተባለ በ500 ዲግሪ የሚበላው ለምንድን ነው?

መተን አንድ ነገር ነው፣ መቃጠል ሌላ። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ክልል ካርቦን ከኦክስጅን ጋር መዋሃድ ይጀምራል። የሚያሳስተው ይህ ነው፦ መካከለኛው ሙቀት ከከፍተኛው ይልቅ ሊከፋ ይችላል። ከ700 ዲግሪ በታች ውህደቱ ዝግ ያለ ስለሆነ ኦክስጅኑ ገጹ ላይ ሳያልቅ በቀዳዳዎቹ ዘልቆ ክሮቹን ከውስጥ ይበላል። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሲጭኑት ይሰበራል። ክብደቱ ጥቂት መቶኛ ብቻ ቀንሶ ጥንካሬው ግን በብዙ እጥፍ የበለጠ ይወርዳል። ሙቀቱ በጣም ሲጨምር ኦክስጅኑ ገጹ ላይ ወዲያው ያልቃል፤ ጉዳቱም ለዓይን የሚታይ መሳሳት ይሆናል።

ሽፋኑም በዚሁ ክልል ውስጥ ነው የሚከዳው። ሲሊከን ካርባይድ በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 4.5 ያህል ክፍል ይሰፋል፤ ካርቦን-ካርቦን በጨርቁ አቅጣጫ ከ1 እስከ 2 ብቻ። ሽፋኑ በተሠራበት ከፍተኛ ሙቀት ሁለቱ ተስማምተው ነበር። ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ የበለጠ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ ሁልጊዜ ይሆናል። ሲሞቅ ስንጥቆቹ መልሰው ይገጥማሉ፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ደግሞ ሲሊካው ለስልሶ ይደፍናቸዋል። ችግሩ በመካከል ነው፤ ካርቦኑ መቃጠል ጀምሯል፣ ስንጥቁ ግን ገና አልተዘጋም። ሶዲየም ሲሊኬትና ቦሮን ያለባቸው ብርጭቆዎች የሚጨመሩት ይህን ክፍተት ለመሸፈን ነው። የቦሮን ኦክሳይድ በ450 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከ1,100 በላይ ግን እየተነነ ይሄዳል፣ እርጥበትም ይስባል።

ያልተጠበቀ ነገርም ሽፋኑን ይበሳል። በ1990ዎቹ በመንኮራኩሮቹ የክንፍ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ታዩ። ምክንያቱ ሲፈለግ የማስወንጨፊያው መዋቅር የተቀባው ዚንክ ያለበት ቀለም በዝናብ ታጥቦ ክንፉ ላይ መንጠባጠቡ ተገኘ። ዚንክ ኦክሳይዱ በበረራው ሙቀት ከሽፋኑ ብርጭቆ ጋር ተዋህዶ በሳው።

ሲሊከን ካርባይድ ማትሪክስ ያለው ኮምፖዚት የተሻለ ነው? በየትኛው መንገድ ይሠራ?

ኦክስጅንን በመቋቋም አዎ፤ በገጹ ላይ ሲሊካ ስለሚፈጥር ራሱን ይከላከላል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 2015 ያበረረችው አይኤክስቪ የተባለ የሙከራ መንኮራኩር አፍንጫው የተሠራው ከዚህ ዓይነት ቁስ ነበር። የአሠራሩ ምርጫ ግን ውጤቱን ይወስነዋል።

በጋዝ መሙላት፦ ሜቲልትራይክሎሮሲሌን ከሃይድሮጅን ጋር በዝቅተኛ ግፊትና በ1,000 ዲግሪ አካባቢ በክሮቹ መካከል ያልፋል፤ ሲሊከን ካርባይድ እየጣለ ይሄዳል። ክሩን አይጎዳም፣ የሚወጣው ቁስም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ የውጪው ቀዳዳ ቀድሞ ስለሚዘጋ በመሀል አውጥቶ ገጹን መላግ ግድ ይላል፤ በመጨረሻም ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀዳዳ ይቀራል። የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ አሲድ ስለሆነ ፓምፑንና ቧንቧውን ይበላል።

በፖሊመር ማጠጣት፦ ፖሊካርቦሲሌን ጠጥቶ ይጋገራል፣ ወደ ሴራሚክነት ይለወጣል። መሣሪያው ቀላል ነው፣ ትልልቅና ውስብስብ ቅርጽም ይሆናል። ፖሊመሩ ሲለወጥ ስለሚኮማተር ግን ከ6 እስከ 10 ዙር ያስፈልጋል፤ በስድስተኛው ላይ "ይበቃል" ብሎ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። የሚያስቆመው የዙሩ ቁጥር ሳይሆን ክብደቱ ከ1 በመቶ ያነሰ መጨመር መጀመሩ ነው።

በቀለጠ ሲሊከን፦ ሲሊከን በ1,414 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ በከሰለው አካል ስንጥቆች ውስጥ ራሱ ይሳባል፣ ካርቦኑንም ወደ ካርባይድ ይለውጣል። በሰዓታት ያልቃል፣ ርካሽም ነው። ሁለት ዕዳ ግን አለበት። ያልተዋሃደ ሲሊከን ስለሚቀር ከ1,400 ዲግሪ አካባቢ በላይ ይለሰልሳል፤ ሲሊከኑ ካልተገታ ደግሞ ክሩንም ይበላዋል።

በሦስቱም መንገድ ሳይረሳ መሠራት ያለበት ክሩን የሚለብሰው ስስ ንብርብር ነው። ከ0.1 እስከ 1 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቦን ወይም ቦሮን ናይትራይድ ነው። ሥራው ማጣበቅ ሳይሆን በልኩ ማላላት ነው፦ ስንጥቅ ከማትሪክሱ መጥቶ ክሩ ጋ ሲደርስ ታጥፎ በክሩ ርዝመት እንዲሄድ ያደርገዋል። ይህ ንብርብር ከሌለ ስንጥቁ ክሩንም ይዞ ያልፋል፤ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ኮምፖዚት እንደ ሸክላ ይሰበራል። የተሰበረውን ገጽ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ከማትሪክሱ የተመዘዙ ክሮች ከሌሉበት ጥፋቱ እዚህ ነው።

የአፍንጫው ጠርዝ ሹል ሲሆን ሙቀቱ የሚጨምረው ለምንድን ነው?

በፊት ለፊቱ ነጥብ ላይ የሚደርሰው የሙቀት ፍሰት ከክብነቱ ራዲየስ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ፣ ከፍጥነት ኪዩብ ጋር ደግሞ በቀጥታ ይሄዳል። 1 ሜትር ራዲየስ ያለውን አፍንጫ 1 ሴንቲ ሜትር ካደረጉት ፍሰቱ 10 እጥፍ ይሆናል፤ 1 ሚሊ ሜትር ካደረጉት 32 እጥፍ ገደማ። ከጠፈር የሚመለሱ ካፕሱሎች ደፍጣጣ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። በአየር ውስጥ ረጅም ርቀት የሚንሸራተት በራሪ ግን ሹል ጠርዝ ይፈልጋል።

ለዚህ የሚታሰቡት ዚርኮኒየም ዳይቦራይድና ሃፍኒየም ዳይቦራይድ ናቸው። የመጀመሪያው በ3,245፣ ሁለተኛው በ3,380 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። ብቻቸውን ሳይሆን ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲሊከን ካርባይድ ተጨምሮባቸው ይሠራሉ፤ ያኔ የሚፈጠረው ሽፋን የዚርኮኒያ አጥንት በሲሊካ ብርጭቆ የተሞላ ይሆናል። ድክመታቸው ክብደት (6.1 እና ወደ 11 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር) እና በድንገተኛ ሙቀት መሰንጠቅ ነው። ስለዚህ አሁን የሚመረጠው ዱቄታቸውን በካርቦን ክር አካል ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከእነሱ የተሠራ ጠርዝ በቤተ ሙከራ ያማረ ቢሆንም በበረራ ላይ ሊፈረካከስ ይችላል።

ሲሊከን ካርባይድ ራሱን የሚከላከል ከሆነ ወሰኑ ምንድን ነው?

የኦክስጅን ግፊት። በቂ ኦክስጅን ካለ ጠጣር ሲሊካ ይፈጠርና እስከ 1,650 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቃል። በከፍተኛ ከፍታ፣ ግፊቱ ዝቅ ባለበት፣ በሲሊካ ፈንታ ሲሊከን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ ሽፋን የለም፣ ቁሱ ዝም ብሎ ይጠፋል። በተራ ምድጃ በመደበኛ የአየር ግፊት ተፈትኖ ያለፈ ናሙና በ60 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያልፋል ማለት አይደለም።

የገጹ ቀለም ለውጥ ያመጣል?

በጣም። የሚታየው ቀለም ሳይሆን ሙቀትን በጨረር የመልቀቅ አቅሙ ነው ወሳኙ። በአንድ ካሬ ሜትር 1 ሜጋዋት የሚቀበል ገጽ አቅሙ 0.85 ከሆነ በጨረር ብቻ ሚዛኑን የሚያገኘው በ1,860 ዲግሪ ገደማ ነው። አቅሙ 0.5 ቢሆን ግን 2,160 ዲግሪ መድረስ አለበት። በ300 ዲግሪ ልዩነት አንድ ቁስ ሊተርፍም ሊጠፋም ይችላል። ሽፋን ሲመርጡ ሙቀቱን ተቀብሎ ኦክሳይድ ከሆነ በኋላ ያለውን አቅም ይለኩ፤ አዲስ ሲሆን ያለው ብዙም አይጠቅምም።

የሚነድ መከላከያ ይሻላል ወይስ ደጋግሞ የሚያገለግል?

ፍሰቱ በካሬ ሜትር ከጥቂት ሜጋዋት ካለፈ ምርጫ የለም፤ እየከሰለና እየተላጠ ሙቀቱን ይዞ የሚሄድ ያስፈልጋል። በፌኖሊክ የተነከረው ቀላል የካርቦን ክር ቁስ፣ ፒካ፣ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.27 ግራም ገደማ ሆኖ የጅራታም ኮከብ ብናኝ ይዞ የተመለሰውን የስታርደስትን ካፕሱል በሰከንድ 12.9 ኪሎ ሜትር ሲገባ እ.ኤ.አ. በ2006 አድኖታል።

እዚህም ጋዝ መውጫ ማጣቱ ነው የሚጎዳው። እ.ኤ.አ. በ2022 የናሳ የጨረቃ በረራ አርቴሚስ 1 ሲመለስ የካፕሱሉ የኦራየን፣ አቭኮት የተባለ የሚነድ መከላከያ ከተጠበቀው በላይ በቁርጥራጭ ተላጠ። ናሳ በታኅሣሥ 2024 የገለጸው ምክንያት ቁሱ ጋዙን በበቂ ሁኔታ አለማሳለፉ ነው። መንኮራኩሩ ወደ ከባቢ አየር ገብቶ እንደገና ቀና ባለበት ጊዜ የገጹ ሙቀት ቀነሰ፤ ውስጡ ጋዝ ማመንጨቱን ቀጠለ፤ ግፊቱ ከሰሉን ሰነጠቀው።

ከብረት አካል ጋር እንዴት ይታሰራል?

በጥብቅ አይታሰርም። 1 ሜትር ርዝመት ያለው የኒኬል ቅይጥ 900 ዲግሪ ሲሞቅ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ያው ርዝመት ያለው በካርቦን ክር የተጠናከረ ሲሊከን ካርባይድ 2 ወይም 3 ብቻ። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ቆልፎ ሌሎቹን በሞላላ ቀዳዳ ወይም በሚተጣጠፍ ድጋፍ እንዲንሸራተቱ መተው ነው መፍትሔው። የመንኮራኩሩ ክንፍ በእያንዳንዱ ጎን 22 ፓነል ነበረው፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ራሱን የቻለ ማሸጊያ አካል ይዘጋው ነበር።

ክፍተት ከተረሳ የጋለ አየር ይገባበታል። የድንጋጤ ሞገድ ሌላ አካል ላይ ሲያርፍ ደግሞ ሙቀቱ በዚያች ቦታ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ኤክስ-15 ማክ 6.7 በደረሰበት በረራ ከሥሩ የተሰቀለው የሞተር አምሳያ የፈጠረው ሞገድ ማሰሪያውን በስቶ አቃጠለው፤ አምሳያውም ወደቀ።

በኦክሲአሴቲሊን ችቦ መፈተን ይበቃል?

ለማበጠር ይበቃል፤ ለማጽደቅ አይበቃም። እሳቱ ውስጥ ውሃና ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ የተሰባበሩ የኦክስጅን አቶሞች የሚያደርጉትን አያሳይም። ማጽደቅ በኤሌክትሪክ ቅስት ወይም በኢንዳክሽን በሚጋል የፕላዝማ ዋሻ ነው።

ልኬቱም ወጥመድ አለው። የፕላቲነም ቴርሞካፕል (ሁለት ብረቶችን አጋጥሞ ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ሲሊከን ካለበት ገጽ ጋር በቀጥታ ከተነካካ ሲሊከኑ ያቀልጠዋል፤ በአሉሚና ይለዩት። የተንግስተን-ሬኒየም ቴርሞካፕል እስከ 2,300 ዲግሪ ይሄዳል፣ ግን ኦክስጅን በሌለበት ብቻ። በ0.9 ማይክሮ ሜትር የሚሠራ ፓይሮሜትር (ሳይነካ በጨረሩ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ) በ0.9 የጨረር አቅም ተስተካክሎ የገጹ እውነተኛ አቅም 0.6 ቢሆን፣ 2,000 ኬልቪን የሆነውን ገጽ ወደ 1,900 ዝቅ አድርጎ ያነበዋል።

ከበረራ በኋላ ምን ይመረመራል?

ዓይን አይበቃም። የብልጭታ ቴርሞግራፊ የተላቀቀ ንብርብርን፣ ኤዲ ከረንት የሽፋን ውፍረትን፣ ራጅ ሲቲ የውስጥ ቀዳዳን ያሳያሉ። የጠፈር መንኮራኩሯ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2003 ከተነሳች ከ82 ሰከንድ በኋላ 0.76 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አረፋ የግራ ክንፏን ስምንተኛ ፓነል አካባቢ መታው፤ የካቲት 1 ቀን ስትመለስ ጠፋች። በዚያው ዓመት ሐምሌ በተደረገ ሙከራ ተመሳሳይ አረፋ በእውነተኛ ፓነል ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ ከፈተ። ከ1,600 ዲግሪ የሚተርፍ ቁስ በለስላሳ ነገር ምት ይሰበራል፤ ሙቀት መቻልና ምት መቻል ዝምድና የላቸውም።

በቤተ ሙከራ ሲሠሩ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

የካርቦን ክር ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የእቶኑን መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ከገባ ያቃጥለዋል። መቁረጫውን በሌላ ክፍል ያድርጉ፣ ብናኙን በማጣሪያ ይምጠጡ፣ የመተንፈሻ ጭንብል ይልበሱ። የእቶኑን በር ከ300 ዲግሪ በላይ ሳለ አይክፈቱ፤ ግራፋይት ማሞቂያው ከ400 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ በአየር ውስጥ ቀስ እያለ ይበላል።